የናስ ፊት

ባሌ «ቀኝ ዓይኔ ደህና ነው» ብሎ ምሎልኛል። ግራው መድከሙን ከሐኪሙ በቀር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ታዲያ ይህ ከተማ የተባለ ባሌ በስድሳ አራት ዓመቱ ፈረስ ላይ ወጥቶ ዱላ ሊወራወር ከምንኖርባት ከቨርሷ እስከ ዙሪክ ድረስ ሲጎትተኝ ልቤ እንዴት ይረጋ?

ባቡር ውስጥ «ሙሉ፣ ሎዛን ደረስን?» አለኝ። የጣቢያው ስም በመስኮቱ ትይዩ በትልቁ ተጽፏል።

«አታይም እንዴ?»

«እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» አለ። ሲተኛ ግን አላየሁም።

የጋበዙት የፈረስ ወዳጆች ማኅበር አባላት ናቸው። ጨዋታው የጥንት ሮማውያን ፈረሰኞች በበዓል ይጫወቱት የነበረ ነው አሉ። የራስ ቁሮቹን በናስ አሠርተዋል፤ ፊት ድረስ ይሸፍናሉ። የአንዱ ቡድን ጢማም ወንድ፣ የሌላው ጸጉሯን የተሠራች ሴት ይመስላል። የዓይኑ ቀዳዳ ጣት አያስገባም። ለከተማ የሴቷ ደረሰው።

«አልሞት ባይ ተጋዳይ! በዚህ ምን ታያለህ?»

«ማንም አያይም፤ ሁላችንም እኩል ነን!» ብሎ ሳቀ።

የዓይኑን ነገር ለአዘጋጆቹ ልናገርበት ነበር። ግን ደርግ ሲወድቅ እንኳ እንዲህ አልሳቀም። አሳዘነኝና ተውኩት።

ዙሪክ አጠገብ ካለችው ከረገንስዶርፍ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ፈረሶቹ ተለቀቁ። ባለ ሴት ፊቶቹ ሁሉ አንድ ናቸው፤ ባሌ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ደግሞ አሰብኩ፦ ከተማ ጃንሜዳ ጉግስ ሲጫወት ያደገ ሰው ነው። ዞር ብሎ አይቶ የተወረወረበትን በጋሻው መመከት ያውቅበታል። አንዱ ልክ እንደዚያ ሲያደርግ አየሁና «እሱ ነው! ተመስገን!» አልኩ።

ሌላው ባለ ሴት ፊት ግን ዱላው መጥቶ ደረቱን እስኪመታው ጋሻ አያነሳም። ደጋግመው መቱት።

«ይሄን ጀማሪ አውጡት እንጂ! ሊያስገድሉት ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። በአማርኛ ስለሆነ ማንም አልሰማኝም።

ሲያበቃ ያ ጎበዝ ቁሩን አወለቀ። ወርቃማ ጸጉር ያላት ልጃገረድ ናት።

የፈሩት ይደርሳል። ተመልካቹን ባገደው ገመድ ሥር ሾልኬ ወደዚያ «ጀማሪ» ሮጥኩና፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ የፈረሱን ልጓም ያዝኩ። ከተማ የናሱን ፊት ከፊቱ አወለቀ። በላብ ርሷል፤ ይስቃል።

«ሙሉ!» ብሎ ወደ ተመልካቹ ተጣራ። «ሙሉወርቅ፣ የት ነሽ?»

የቆምኩት በስተቀኙ፣ በደህናው ዓይኑ በኩል ነበር።