ዶሚኖ ላይ አይወራም

ኤሊሂዮ የዶሚኖ ድንጋዩን ጧ! አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው ራዳሜስ ዓይኑን ማመን አቃተው። የገዛ ባልደረባው፣ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አብሮት የተጫወተው ሰው፣ ስድስት የሚያስጥለውን ጫፍ ዘጋበት። ራዳሜስ እጁ ላይ ሦስት ስድስት ታቅፎ ቀረ።

ግን ቃል አልተነፈሰም። ባኒ ከተማ ውስጥ፣ በባለሱቋ በዶንያ ሚልኬያ በር ላይ፣ ዙሩ ሳያልቅ ባልደረባን ማናገር ቅጣት አለው፤ ሃያ አምስት ነጥብ ለተቃራኒ ቡድን። ሲያስነጥስ የተቀጣ ሰው ሁሉ አለ። ስለዚህ ራዳሜስ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ዙሩን ተሸንፈው ሲያበቁ ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ወርውሮ ብድግ አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? ስድስት ጣልኩ። አሁንም ስድስት ጣልኩ። ምን እያልኩህ መሰለህ? ሰላምታ እያቀረብኩልህ ነው?"

"ተሳሳትኩ" አለ ኤሊሂዮ።

"ይሄ ስህተት ነው? የሚስቴ ድመት እዚህ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ከአንተ ትሻለኛለች እኮ! እሷ ቢያንስ የመጣላትን ትጥላለች!"

ኤሊሂዮ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ስድቡ ሲረዝም ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ፊቱ ላይ ግን የሚሰደብ ሰው ሐዘን አልነበረም፤ ከረጅም መንገድ ገብቶ ጫማውን ያወለቀ ሰው ይመስል ነበር። ራዳሜስ ይህን ሲያይ ይብሱን ደሙ ፈላ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ኦኔሊያ አይብ እየጠበሰች ነበር። የራት ማንጉው፣ የተቀቀለው አረንጓዴ ሙዝ፣ ተፈጭቶ፣ ሽንኩርቱ ላዩ ላይ ተነስንሶ ቀርቧል። ራዳሜስ ሳይቀመጥ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈው።

"በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው! ቅዳሜ የሠፈሩ ፍፃሜ ነው፤ ሽልማቱ ፍየል ነው። በቃ፣ ባልደረባ አድርጌ ኪኮ ፀጉር አስተካካዩን ልይዝ ነው።"

"ሰውዬው የሆነ ነገር ሆኖ ይሆናላ። ጠየቅከው?"

"ምን ብዬ?"

"ደህና ነህ ወይ ብለህ ነዋ።"

"ዶሚኖ ላይ አይወራም።"

ኦኔሊያ መጥበሻውን አወረደች። "ሚስት አለችው?"

"ያለችው ይመስለኛል።"

"ልጅስ?"

ራዳሜስ አሰበ። "ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው።"

"ሸሚዝ ልጅ ነው? አገሩስ የት ነው?"

"እኔ የማውቀው ደብል አምስት ሲይዝ ጆሮውን እንደሚያክ ነው።"

"አገር ይያዝልኝ!" አለችና አይቡን ለብቻዋ መብላት ጀመረች።

በማግስቱ ጠዋት የኤሊሂዮ አሮጌ ፒክአፕ እንደ ወትሮው ሠፈሩን እያወከ መጣ። ሙዝና አቮካዶ ነው የሚሸጠው። ጣሪያው ላይ ያሰረው ድምፅ ማጉያ ቀድሞ በቀዳው በራሱ ድምፅ ቀኑን ሙሉ "ሙዝ! አረንጓዴ ሙዝ! እመቤቶች፣ አቮካዶው ቅቤ ነው!" ሲል ይውላል። መካኒኩ ራዳሜስ ይፈታው የነበረውን ሞተር ብስክሌት ትቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጋቢና ገባ። ኤሊሂዮ በድንጋጤ ክላቹን ረስቶ መኪናውን አጠፋው።

"ይሞቃል" አለ ራዳሜስ።

"ይሞቃል።"

"ትናንትም ሞቆ ነበር።"

"አዎ፣ ትናንትም።"

ወሬው እዚያ ላይ አለቀ። ከላይ ድምፅ ማጉያው አቮካዶው ቅቤ መሆኑን ደጋግሞ መሰከረ። ራዳሜስ የተበላሸ ካርቡራተር ፊት እንኳን እንዲህ ጨንቆት አያውቅም። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ጥያቄዋን ወረወራት።

"ኤሊሂዮ፣ ሚስት አለችህ?"

ኤሊሂዮ እጁን ዘርግቶ ድምፅ ማጉያውን አጠፋ። ሠፈሩ ጭር አለ።

"ነበረችኝ። ከሞተች ስድስት ዓመቷ።"

ራዳሜስ ክው አለ። "ስድስት ዓመት? ታዲያ ያኔ ከጨዋታ አልቀረህም እኮ!"

"አንድ ሳምንት ቀርቻለሁ። ስመለስ 'በአንተ ምክንያት በፎርፌ ተሸነፍን' ብለህ ጮህክብኝ።"

ራዳሜስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ፊቱን በዚያው በቅባታም ጨርቅ ጠረገና ይብሱን አጠቆረው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ? ዶሚኖ ላይ አይወራም።"

"ከዶሚኖ በኋላስ?"

"ከዶሚኖ በኋላማ ደህና ከተጫወትኩ ቆብህን አንስተህ ትሄዳለህ። ስሳሳት ግን ታናግረኛለህ።" ኤሊሂዮ እንደ ማፈር አለ። "ባለፈው ማክሰኞ ደብል አራቴን ስደብቅብህ ጊዜ እስከ ቤቴ በር ድረስ እየተሳደብክ ሸኘኸኝ። ደስ የሚል ምሽት ነበር።"

"ታዲያ ትናንት ስድስቴን የዘጋኸው..."

"የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ትሸኘኝ እንደሆነ ብዬ ነው። እውነቱን ካነሳን ዶሚኖም ያን ያህል አልወድም።"

ራዳሜስ አማተበ። የኤሊሂዮን ሚስት ሞት ሲሰማ እንኳን አላማተበም ነበር።

"እህቴ ላ ሮማና ከተማ ነው የምትኖረው" አለ ኤሊሂዮ መሪውን እየደባበሰ። "ብቻህን ምን ትሠራለህ፣ ና አብረን እንኑር ትለኛለች። ሰኞ ልሂድ ወይ እያልኩ ነው። አንተ ምን ትላለህ?"

ራዳሜስ ስለ ሞተር፣ ስለ ቤዝቦል፣ ስለ ከንቲባው ሌብነት ሲጠየቅ መልስ አጥቶ አያውቅም። አሁን ግን ጣቱ ላይ የደረቀውን ቅባት መፋቅ ጀመረ።

"እንግዲህ... አንተ ታውቃለህ" አለ። "ከእህት ጋር መሆንም ደግ ነው።"

"አዎ" አለ ኤሊሂዮ። "ከእህት ጋር መሆን ደግ ነው።" ትልቅ አቮካዶ መርጦ ሰጠውና ድምፅ ማጉያውን መልሶ አበራው።

ቅዳሜ መንገዱ ተዘግቶ፣ ጠረጴዛው ከማንጎው ዛፍ ሥር ወጣ። ተጋጣሚዎቻቸው ዶሮ ሻጮቹ ወንድማማቾች ነበሩ። ዳኛዋ ራሷ ዶንያ ሚልኬያ ናት፤ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ሥር ተሰይማለች። ሽልማቱ ፍየል ከዛፉ ጋር ታስሮ የአንዱን ሰው ባርኔጣ ይበላል። ቀድሞ ሁለት መቶ የሞላ አሸናፊ ነው።

ኤሊሂዮ አንድም ስህተት አልሠራም። ራዳሜስ አራት ሲፈልግ አራት ይከፍትለታል፤ ዶሮ ሻጮቹ ሦስት ሲመኙ ሦስቱን ይዘጋባቸዋል። ተመልካቹ በአድናቆት አጨበጨበ። ኪኮ ፀጉር አስተካካዩ እንኳን "ይሄ ሰውዬ እስከ ዛሬ የት ነበር?" አለ። ሰሌዳው ላይ መቶ ሰማንያ ለመቶ ሃምሳ አምስት ተጻፈ። ራዳሜስ በየዙሩ ማብቂያ ላይ ሊናገር አፉን ይከፍትና የሚወቅሰው ነገር ያጣል።

የመጨረሻው ዙር ላይ ነገሩ ገባው። ኤሊሂዮ ከእንግዲህ መሰደብ አይፈልግም። መሸኘትም አይፈልግም። ሻንጣውን ሸክፎ ጨርሷል። ራዳሜስ ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። ይህን ሰው ይወደዋል። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ግን ለራሱም ነግሮት አያውቅም ነበር።

እጁ ላይ አንድ ድንጋይ ቀርታለች። ተራው ደርሷል። ከጣላት ፍየሉ የእነሱ ነው። ኦኔሊያ ከሰው መሐል ሆና በዓይኗ ፍየሉን ትቀቅላለች።

"አትሂድ" አለ ራዳሜስ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። የሱቁ ሙዚቃ እንኳን ተዘጋ።

"ራዳሜስ ተናገርክ!" ብላ ጮኸች ዶንያ ሚልኬያ። "በዳኝነቴ እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም! ሃያ አምስት!" ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲጢጥ አለ። "አሁን እኩል ናችሁ። አንድ ጊዜ ብትደግም ጨዋታው የእነሱ ነው፣ ነግሬሃለሁ።"

"አፉን ያዙት!" አለ ኪኮ።

ኤሊሂዮ ቀና አለ። ዓይኑ ርሷል። እጁን እንደ ሽማግሌ ጆሮው ላይ ደገነ።

"ምን አልከኝ?" አለ ቀስ ብሎ። "ሙዚቃው ነው መሰለኝ፣ አልሰማሁህም።"

ዶሮ ሻጮቹ ተያዩ። ዶንያ ሚልኬያ ጠመኔዋን አነሳች። ራዳሜስ ፍየሉን አየ፣ ኦኔሊያን አየ፤ ኦኔሊያ ግንባሯን ይዛለች፣ ግን እየሳቀች ነበር። ድንጋዩን ሳይጫወትበት ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋውና ሁለት ክርኑን አስደግፎ ወደ ባልደረባው ጠጋ አለ።

"አትሂድ ነው ያልኩህ። ገና የምጠይቅህ ብዙ ነገር አለኝ" አለ። "ሚስትህ... ስሟ ማን ነበር?"