ያማረው እጅ

"አባባ፣ አብረውት ይጨብጡ እንጂ!" አለች መምህርቷ።

ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ፈገግ አሉ። ቀኝ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው። "እያየሁት እኮ ነው፣ ልጄ። ጥፍሩ፣ የደም ሥሩ... ቁርጥ የሰው እጅ! የራሴን ረሳሁት።"

ስክሪኑ ላይ የሚከፈተውና የሚጨበጠው እጅ የአራት ዓመት ድካሟ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒውተር ምስል ሥራ ታስተምራለች። ስትሮክ መትቷቸው እጃቸው አልታዘዝ ያላቸው ሰዎች ይህን እጅ እያዩ ጣታቸውን እንዲያለማምዱ ነበር ሐሳቧ። ባለፈው ወር ግን ፕሮግራሙ ተበላሽቶ የስክሪኑ እጅ ቆዳው ጠፋና ባዶ መስመሮች ብቻ ቀሩ። ያን ቀን ልብስ ሰፊው ሦስት ጣት አነሱ። አጋጣሚ ነው ብላ ልታልፈው ነበር። በሌሎች ስድስት ታካሚዎች ብትሞክረውም ያው ሆነ፤ መስመሩን ሲያዩ ይንቀሳቀሳሉ፣ የሚያምረውን እጅ ሲያዩ ፈዘው ይቀራሉ። ለምን? ማታ የገባት ይመስላታል፣ ጠዋት ይጠፋባታል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በሩን ገፋ አድርገው ብቅ አሉ። "የነገው ማሳያ ዝግጁ ነው? ኮሚቴው እጁን ለማየት ቸኩሏል። የማዕረግ ዕድገትሽ በእጅሽ ነው!" በቀልዳቸው ራሳቸው ሳቁ።

"እጁ እኮ አልሠራም" አለች።

"እንዴት አልሠራም? ይኸው ይንቀሳቀሳል!"

"እሱማ ይንቀሳቀሳል። ሰዎቹ ናቸው የማይንቀሳቀሱት።"

ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ፣ አንቺ የምስል ባለሙያ ነሽ። ታካሚው ዳነ አልዳነ የሐኪም ጉዳይ ነው። ስለ ሰው ማውራት ከጀመርሽ 'ሥነ ልቦና ክፍል ሂጂ' ይሉሻል። እዚያ ስትሄጂ ደግሞ 'ሠዓሊ ናት' ብለው ይመልሱሻል። ሜዳ ላይ መቅረትሽ ነው።"

በሩን ዘግተው ወጡ። እውነታቸውን ነው። እሷም እኮ እውነቷን ነው።

"ተቆጡሽ እንዴ?" አሉ ልብስ ሰፊው።

"አይ፣ የመከሩኝ ለእኔው ብለው ነው። ግን ግራ ገባኝ፣ አባባ።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ነቀሉ። "አንድ ጊዜ ለሙሽራ ኮት ሰፋሁ። እንዲያምር ብዬ ብብቱን አጠበብኩት። መስታወት ፊት ቆሞ ደስታውን አልቻለውም። እጁን ማንሳት ግን አቃተው።"

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"ምን አደርጋለሁ! አመስግኖኝ ሄደ፣ እኔም ዝም አልኩ።"

የሚስቁ መስሏት ቀና ብላ አየቻቸው። አልሳቁም።

ለነገ ያዘጋጀችውን ማሳያ ከፈተች። ቆዳውን አጠፋችው፣ መልሳ አመጣችው፣ ደግሞ አጠፋችው። ባዶውን መስመር ለኮሚቴው ማሳየት ድፍረት ይሁን ጅልነት መለየት አልቻለችም።

"አባባ፣ ነገ ጠዋት ሥራ አለዎት?"

"ጡረተኛ ምን ሥራ አለው?"

"ኮሚቴው ፊት አብረውኝ ይቀመጡ። ሁለቱንም አሳይዎታለሁ፤ ያማረውንም፣ መስመሩንም።"

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጄ እምቢ ቢለኝስ?"

"እምቢ ካለም" አለች፣ "እምቢ ማለቱን ይዩት።"