ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት

ከባንኮክ ርቃ በምትገኘው በፓያዎ ከተማ ጡረታ የወጡት አስተማሪዎች አውሮፓን በአሥራ አንድ ቀን ሊያዳርሱ ተነሥተዋል። ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሚላን፣ ሉሰርን፣ ፓሪስ። አሥራ ሁለት ሰው፣ አንድ አውቶቡስ፣ ስድስት ከተማ። ዝግጅቱን የያዘችው ራምፓይ ናት። ማንም አልመረጣትም፤ እሷም ልያዘው አላለችም፤ ዝም ብሎ እጇ ላይ ወደቀ። ጂኦግራፊ ስላስተማረች አውሮፓን ታውቃለች ተባለ። እውነቱን ለመናገር፣ የምታውቀው አውሮፓ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስትስለው የኖረችውን ነው።

ፓስፖርት የሰበሰበች እሷ፣ ሽማግሌዎቹን ነጭ ግድግዳ ፊት እያቆመች የቪዛ ፎቶ ያነሣች እሷ፣ ማን ከማን ጋር አንድ ክፍል እንደሚተኛ የደለደለች እሷ፣ ስንት ማሰሮ የቃሪያ ዳጣ ሻንጣ ውስጥ እንደሚገባ የወሰነች እሷ። አሥራ ሁለቱንም ፓስፖርቶች ሰማያዊ ማኅደር ውስጥ ከታ ገበያ ስትወጣ እንኳ እንደ ሕፃን ታቅፋው ትዞራለች። ከዚህ በፊት ዘጠኝ ዓመት እናቷን አስታማለች። ከዚያም በፊት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሐዘን ይሁን ድግስ ያለ ራምፓይ አይሆንም ነበር። አሁን ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ደክሟታል። ይህን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለራሷም ቢሆን።

አንድ ቀን የጉዞ ወኪሏ ከባንኮክ የሆቴል ፎቶዎች ላከችላት። ራምፓይ ስታገላብጣቸው ከሚላን በባቡር አንድ ሰዓት የሚርቅ፣ ኮሞ ሐይቅ ዳር ያለ ትንሽ ሆቴል በረንዳ አየች። ሁለት የብረት ወንበር፣ አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ። ሰው የለም። ቀጣዩን ፎቶ ሳታይ ስልኩን ዘጋችው፤ ማታ ደግሞ ከፍታ አየችው። በማግስቱም እንደዚያው።

ሐይቅማ ፓያዎም አለ። የራምፓይ ቤት ከሐይቁ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ግን ዳሩ ላይ በተቀመጠች ቁጥር አንዱ ወላጅ፣ አንዱ የድሮ ተማሪ፣ አንዱ የቀበሌ ሰው «ቲቸር፣ እንኳን አገኘሁሽ» እያለ ወረቀት ይዞ ይመጣባታል። እዚያኛው ሐይቅ ዳር «ቲቸር» የሚላት የለም።

ችግሩ አጠያየቁ ላይ ነበር። እዚህ አገር ሰው ለራሱ አይጠይቅም። የራበው ሰው «እናንተ አልራባችሁም?» ይላል፤ የበረደው «ልጁ እንዳይበርደው» ብሎ መስኮት ያዘጋል። ይሉኝታው ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነው። ስለዚህ ራምፓይ ለጉዞው በተከፈተው የስልክ ግሩፕ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ለእትዬ ቡዋላይ ጉልበት ሲባል፣ ሚላን ያሰብነውን ሁለት ሌሊት ሐይቅ ዳር ብናደርገውስ? እሷም ታርፋለች።» ቡዋላይ የራምፓይ ታላቅ እህት ናት፤ ሰባ ዓመቷ ነው፤ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች፤ ጉልበቷን ከታመመች ቆይታለች።

መልሱ በሥዕል መጣ። እጅ የሚነሣ ድብ፣ አበባ የያዘች ጥንቸል፣ ሌላ እጅ የሚነሣ ድብ። ራምፓይ ዘጠኝ ድብ ቆጠረችና ተስማምተዋል አለች። እጅ የሚነሣ ድብ «እሺ» ማለት እንዳልሆነ እዚያው ተወልዳ ያደገች ሰው ልታውቅ ይገባ ነበር። ድካም ግን ሰውን ያጃጅላል። ለወኪሏ ደውላ ሆቴሉን እንድትይዝላቸው ነገረቻት፤ ወኪሏም የመጨረሻውን ፕሮግራም ሐሙስ ከሰዓት በፊት ካልሰጠሽኝ ይለቀቅብናል ብላ አስጠነቀቀቻት።

ከዚያ በእጅ አዙር የሚመጣው ነገር ጀመረ። የሒሳብ አስተማሪ የነበረችው ኦራታይ ደውላ ሐይቁን ሳታነሣ ሃያ ደቂቃ አወራች፤ መጨረሻ ላይ ምራቷ ሚላን አጠገብ ካለው የቅናሽ ሱቆች መንደር ቦርሳ እንዳዘዘቻትና አሁን ምን ብላ እንደምትመልስላት እንደጨነቃት ተናገረች። አቶ ሳዌንግ ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት ቢሆናቸውም እስከ ዛሬ «ዳይሬክተር» ነው የሚባሉት። እሳቸውም ደወሉ። እኔስ ምንም ተቃውሞ የለኝም፣ ግን ሰዎች «ሐይቅ ለማየት አውሮፓ ድረስ?» እያሉ ነው አሏት። የትኞቹ ሰዎች እንደሆኑ አልነገሯትም። ራምፓይ ለሁሉም የእህቷን ጉልበት እያነሣች መለሰች። በሳምንቱ መጨረሻ የቡዋላይ ጉልበት በመላው ፓያዎ የሚወራለት ሆኖ ነበር፤ ቡዋላይ ራሷ ገበያ ስትሄድ የማታውቀው ሰው ወንበር አመጣላት።

ረቡዕ ለምሳ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ቤት ተሰበሰቡ። የመጡት ስድስት ናቸው፤ የቀሩት ድብ ልከዋል። የተጠበሰ ዓሣ፣ በቅርጫት የቀረበ የሚጣበቅ ሩዝ፣ የቃሪያ ዳጣ። ራምፓይ ማኅደሩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ያልበላችውን ሩዝ በጣቷ እያድቦለቦለች፣ ስለ ሐይቁ ጸጥታ ለሦስተኛ ጊዜ ታስረዳለች። ድምፅዋ ራሷንም አሰለቻት።

ኦራታይ ስልኳን እየነካካች ነበር። «እትዬ ራምፓይ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና» አለች፤ ይህች ሴት ይቅርታ ካለች መዘዝ አለ። «እዚያ ሆቴል ያደሩ ሰዎች የጻፉትን እያየሁ ነው። ከጀልባ ማረፊያው እስከ በሩ መቶ አሥራ አራት ደረጃ አለው ይላል። አሳንሰር የለውም። እኔ ለራሴ አይደለም፣ ለእትዬ ቡዋላይ ጉልበት ብዬ ነው።»

ዳይሬክተሩ የዓሣውን አጥንት ከአፋቸው አውጥተው ሳህኑ ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ አኖሩት። ራምፓይ ፊቷ ሲግል ተሰማት።

ቡዋላይ እስከዚያ ድረስ ዓሣዋን ስትበላ ነበር፤ እጇን ታጠበች፣ አበሰች፣ ወደ እህቷ ዞረች።

«ደረጃውን ታውቂ ነበር?»

ራምፓይ ልትዋሽ አሰበች። መዋሸትም አድካሚ ሆነባት። ስለ ደረጃው ያነበበችው የመጀመሪያው ቀን ነው፤ አንብባ አልፋዋለች።

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ በጀርባሽ አዝለሽ ልታወጪኝ ነበር?» ኦራታይ ሳቋ አመለጣት፤ ቡዋላይ ግን አልሳቀችም። «ይህን ሁሉ ቀን በእኔ ጉልበት ስትለምኚ ዝም ያልኩሽ አሳዝነሽኝ ነው። እኔ ሐይቅ አልፈልግም። ሰባ ዓመት ሐይቅ ሳይ ኖሬያለሁ። እኔ የምፈልገው እነዚያን ሱቆች ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ብትገፉኝም ጣሊያን ሄጄ ጫማ እገዛለሁ። አሁን ንገሪኝ፣ እዚያ በረንዳ ላይ መቀመጥ የፈለገው ማነው?»

ከጀርባቸው የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ዳር ቀረበ። ራምፓይ ምላሷ ላይ ያለው ቃል አንድ ነበር፤ ግን በስድሳ ሦስት ዓመት አንድም ቀን ለብቻው ወጥቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ከጎኑ ሌላ ሰው ነበረ፤ እናቷ፣ ተማሪዎቹ፣ ዳይሬክተሩ፣ የእህቷ ጉልበት።

«እኔ» አለች። «እኔ ነኝ የፈለግኩት። ደክሞኛል።»

እንባዋ መጣ፤ አፈረችበት። በናፕኪን አፏን እንደምትጠርግ ሆና ዓይኗን ጠረገች። ኦራታይ ስልኳን በግንባሩ ደፋችው። አንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተው እንዲህ ስትል ሰምታት እንደማታውቅ በዝግታ ተናገረች፤ ነገሩን ስድብ እንደሰማ ሰው ነበር የተናገረችው። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ቡድኑ እንደተባለው ሚላን ይደር፣ ቲቸር ራምፓይ ለሁለቱ ሌሊት ብቻዋን በባቡር ትሂድ፣ በሦስተኛው ቀን ጣቢያ እንቀበላታለን ብለው ወሰኑ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ማለት ነበር የቀራቸው።

ኦራታይ አወጣች። «እና ፓስፖርታችንን ማን ይያዝልን? መድኃኒቱንስ? ጠዋት ማን ይቀሰቅሰናል?» አለች፤ የምሯን ነው የጨነቃት። «እትዬ ራምፓይ በሌለችበት አንድ ቀን አድረን እናውቃለን?»

ሁሉም ወደ ራምፓይ ዞሩ፤ ለዚህም መፍትሔ ታመጣለች ብለው። እሷም በልማድ አፏን ከፈተች። የራሷን ፓስፖርት ብቻ ወስዳ የቀረውን ለሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ አደራ ልትሰጥ፣ በየጠዋቱ ከሐይቁ እየደወለች ልትቀሰቅሳቸው፣ መድኃኒቱን በየስማቸው ልታሽግ፤ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ተደርድሮ አልቋል። ሁለቱ ሌሊት ገና ሳይጀመሩ ማለቃቸው ነበር።

ቡዋላይ እጇን ዘረጋች።

«አምጪው።»

«እትዬ፣ አንቺ እኮ መነፅርሽን እንኳ የት...»

«አምጪው አልኩሽ።»

ራምፓይ ማኅደሩን አነሣች። የአንድ ወር ላብ ጠርዙን አጥቁሮታል። ሰጠቻት፤ ለመልቀቅ ግን ጣቶቿ ትንሽ ዘገዩ፤ ቡዋላይ መጎተት ነበረባት። ማኅደሩን ወስዳ እንደ ዋዛ ተቀመጠችበት፤ ያኔ ስታስተምር ተማሪ የደበቀባትን መጫወቻ ቀምታ እንደምትቀመጥበት። «እስከዚያው ልለማመድ» አለች፣ ኦራታይንም ሩዙን እንድታቀብላት ጠየቀቻት።

ምሳው ቀጠለ። ስለ ቦርሳ አወሩ፣ ስለ ጫማ ቁጥር አወሩ። ራምፓይ ለወኪሏ መልእክት ጻፈች፦ ሐይቅ ዳር፣ ሁለት ሌሊት፣ አንድ ሰው። ከላከችው በኋላ ስልኩን አስቀመጠች። ጭኗ ባዶ ነበር። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት፤ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ተቀመጠች።