ለድሬዳዋ የተላከው ስም

«ቡልቻ ኳስ ተጫዋች መስሎሻል? የመን ሊሻገር ነው እኮ!» ይላል የሰፈሩ ቡድን አሰልጣኝ ረምዚ፣ ሙንተሃን ባገኛት ቁጥር።

ሙንተሃ ኳስን ያወቀችው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ባለው የአባቷ ጨርቅ ሱቅ፣ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጣ ነው። ሰፈሩ ዓይኗን ስለሚያምን፣ አንድ የድሬዳዋ ክለብ የሚያስፈርመውን የመስመር ተጫዋች መርጣ ስሙን እንድትልክ ጠይቋታል። እሷ ጎል አትቆጥርም፤ የምትመዘግበው ተጫዋቹ ኳስ ሳይደርሰው የሚያደርገውን ነው። ለምርጫ ከቀረቡት ሁለቱ አንዱ፣ ነቢል፣ ኳስ ሲቀርበት ወገቡን ይዞ ይቆማል። ቡልቻ ግን ማንም ባያቀብለውም ደጋግሞ ይሮጣል። የመን የሚሻገር ከሆነ ታዲያ ይሄ ሁሉ ትጋት ለምን? ረምዚስ ከመሬት ተነስቶ ያወራል?

ከልምምድ በኋላ ቡልቻን ጠራችው።

«ጅቡቲ እስከ መቼ ነህ?»

«እስከፈለጋችሁኝ።»

«አቦ፣ ምላስህ ከእግርህ ይፈጥናል! ከየመን ደላላ ጋርስ አልተነጋገርክም?»

ቡልቻ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን መፍታት ጀመረ። ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠረችው። «እኔን ማንም አያሞኘኝም» አለችና የነቢልን ስም ላከች።

ነቢል ድሬዳዋ ገብቶ በፈረመ በሳምንቱ፣ ሃያብለ በሚባለው ሰፈር ከቡልቻ ጋር አብሮ የሚኖረው ደጀን ሽርጥ ሊገዛ ሱቅ መጣ።

«ጓደኛህ ተሻገረ እንዴ?» አለችው በፌዝ።

«ወዴት?» ደጀን ግራ ገባው። «ከየመን ከተመለሰ እኮ ገና ሦስት ወሩ ነው። ታስሮ፣ ተደብድቦ ነው የመጣው። ከእንግዲህ ጀልባ አልረግጥም ብሎ በእናቱ ምሏል።»