መሃል ሜዳ ላይ የቆመው ሽንት ቤት

የሰፈሩን መናፈሻ የማደስ ሥራ ከማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ክፍል ለአንድ ረጋ ያለ ንድፍ አውጪ ሲመራለት ባልደረቦቹ እንኳን ደስ ያለህ አሉት። እሱ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ አማቱ ነበሩ።

አማቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "ሲስተር" ይላቸዋል። የጎረቤቱን እኩሌታ ወደዚህ ዓለም የተቀበሉት በገዛ እጃቸው ስለሆነ፣ ስብሰባ ላይ የሚዳፈራቸው የለም። አንድ ባለ ፂም ጎልማሳ ድምፁን ከፍ ቢያደርግባቸው እንኳ፣ "አንተ ስትወለድም እንዲሁ ነበርክ፤ ጀርባህን ቸብ እስካደርግህ ትንፍሽ አላልክም፣ ከዚያ ወዲህ ግን ዝም የሚያሰኝህ ጠፋ" ብለው ቁጭ ያደርጉታል።

አብዛኛው ነገር ያለ ጭቅጭቅ አለቀ። ዥዋዥዌው ከትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር እንዲሆን፣ አግዳሚ ወንበሮቹ መደገፊያ እንዲኖራቸው፣ መብራቱም የሰው መኝታ ቤት ውስጥ እንዳይገባ ተስማሙ። ነገር የመጣው ሽንት ቤቱ ላይ ነው። ሽንት ቤት እንዳይሠራ የሚፈልግ አልነበረም፤ በደጁ እንዲሠራ የሚፈልግ ነው የጠፋው።

"ደንበኞቼ እኔ ጋ የሚመጡት ሽቶ ሊቀቡ ነው እንጂ ሽታ ሊጠግቡ አይደለም" አለ በአንደኛው ጥግ ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ።

በሌላው ጥግ የሚኖሩት ጡረተኛ የኳስ ዳኛ ደግሞ፣ "እኔ ጋዜጣዬን የማነበው በረንዳዬ ላይ ነው" አሉና በዚያው ዘጉት። እሳቸው ከወሰኑ ወዲያ ይግባኝ የለም።

ንድፍ አውጪው ትክክለኛውን ቦታ ገና ከጅምሩ ያውቀው ነበር። መሬቱ ወደዚያ ያዘቀዝቃል፤ የፍሳሽ መስመሩም በዚያው ያልፋል። ቦታው የአማቱ የጓሮ አጥር ሥር ነው።

"እናትሽ ናቸው፤ አንቺ ንገሪያቸው" አላት ሚስቱን።

"እኔ?" አለች ሚስቱ፣ ካልሲ እያጠፈች። "እኔን ስታገባ እሷን በምርቃት ነው ያገኘሃት። ራስህ ቻላት።"

ሰውየው አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። በመጨረሻ ማንንም ላለማስቀየም ሲል ሽንት ቤቱን መናፈሻው መሃል ላይ ሳለው። አለቃው ንድፉን አየና፣ "ሐውልት ልታቆም ነው እንዴ?" አለው።

ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ቀን ደረሰ። ንድፍ አውጪው ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቶ እንዲፈርድ ብሎ፣ በጠዋት መሃል ሜዳው ላይ ችካል ተክሎ ሸራ ወጠረ፤ ቁመቱም ስፋቱም ልክ እንደሚሠራው ሽንት ቤት ነው። ደጃፉ ላይም መጋረጃ ሰቅሎ "መጸዳጃ ቤት" የሚል ወረቀት ለጠፈ። ወንበሮቹ ሸራውን ከበው ተደረደሩ። የእሱ ማብራሪያ የተያዘው ለመጨረሻ ነበር።

መጨረሻው ግን አልደርስ አለ። ዳኛው ስለ ውሾች ማሰሪያ ንግግር ጀምረው ማብቂያው ጠፋቸው። ሲስተር ጠዋት የግፊት ኪኒናቸውን በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው የዋጡት። መጀመሪያ እግራቸውን አነባበሩ። ቀጥለው ፈቱት። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ለስብሰባው ብሎ ጊዜያዊ መጸዳጃ ያቆመ መስሏቸው፣ ቦርሳቸውን ለፀጉር አስተካካዩ አስይዘው ተነሡ፤ ቀጥ ብለው ሄደው ሸራው ውስጥ ገቡና መጋረጃውን ዘጉ።

ዳኛው ንግግራቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ንድፍ አውጪው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አማትን ከዚያ ቦታ መጥራት ነውር ነው፤ አለመጥራቱ ደግሞ ከነውርም የባሰ ነው።

"ልጄ" አለ ድምፃቸው ከውስጥ።

"አቤት፣ እማማ።"

"መቀመጫው የታል?"

"መቀመጫ... የለውም።"

"ውሃውስ?"

"እሱም የለም። ሞዴል ነው፣ እማማ።"

ሲስተር መጋረጃውን ገልጠው ብቅ ሲሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ እሳቸውን እያየ ነው።

"እንግዲህ ስንገባ ስንወጣ እንዲህ ልንተያይ ነው?" አሉ። ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞሩ። "አንተ እዚህ ገብተህ ትንሽ ብትቆይ ዳኛው ፊሽካ ይነፉብሃል እኮ።"

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ዓይናቸውን አማቻቸው ላይ አሳረፉ።

"የፍሳሽ መስመሩ በዚህ ነው የሚያልፈው?"

"አይደለም።"

"በየት ነው?"

ጫማውን አየ። "በእርስዎ አጥር ሥር ነው።"

ፀጉር አስተካካዩ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

"ይህን ቤት ውስጥ ብትነግረኝ ኖሮ ከነወረቀትህ አስወጣህ ነበር" አሉ ሲስተር።

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

"አሁንም ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ።"

"አልመሰለኝም።"

"በሉ፣ ስብሰባው ይቆይ። ቤቴ ደርሼ ልመለስ።" ሲስተር ግርማቸው ሳይጓደል፣ ግን ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።

ሲመለሱ ቀለል ብሏቸው ነበር፤ ትእዛዛቸው ግን ከበድ ያለ ነው። በሩ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። በአጥሩና በሽንት ቤቱ መካከል ጥቅጥቅ ያለ ተክል ይተከላል። ጠዋት ዳኛው ይከፍታሉ፣ ማታ ፀጉር አስተካካዩ ይዘጋል፤ በሌላ ሰው ደጅ እንዲሆን የፈለገ ሁሉ ደግሞ በተራው ያጸዳል። እሳቸው ተናግረው ሳይጨርሱ እጅ ሁሉ ወጣ።

መናፈሻው አምሮ ተከፈተ። ሲስተር ሽንት ቤቱን እንደ ማዋለጃ ክፍል ያስተዳድሩታል። እጁን ሳይታጠብ የወጣ ሰው፣ የቱንም ያህል ሹም ቢሆን፣ ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ይመልሱታል። የአማቻቸውም ስልክ በየእረፍት ቀኑ ይጮኻል፤ አንዴ በሩ ይንቋቋል፣ አንዴ መብራቱ ይርገበገባል።

አንድ እሑድ ደግሞ፣ "ቧንቧው ሲያንጠባጥብ አደረ" አሉት።

ሲፈራ ሲቸር፣ "እማማ፣ እኔ እኮ ንድፍ አውጪ ነኝ" አላቸው። "ለዚህ እንኳ የቧንቧ ሠራተኛ ቢጠሩ ይሻላል።"

"ጠርቼው ሠርቶ ሄዷል። እኔ የደወልኩት ምሳ ስለ ደረሰ ነው።"

ንድፍ አውጪው ዘወር ሲል ሚስቱ ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ቆማ ነበር። "ቶሎ በል እንጂ" አለችው። "እማዬ ምግብ ሲቀዘቅዝባት አትወድም።"