ለስላሳ ጋብዙት

የጣቢያው ሃምሳ አለቃ «አንተ ዱላ ነህ፤ ዱላ ደግሞ አፍ የለውም» ብሎ የሰደበኝ ረቡዕ ጠዋት ነው፤ እቢሮው በር ላይ፣ ሁለት ፖሊሶችና የጽዳቷ ሴትዮ እየሰሙ። ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። ድሮም ከስድስተኛ ክፍል ማቋረጤን ሰምቶ «ምሁሩ» ይለኝ ነበር። እሱንም አልረሳሁም።

እኔ በር በያጅ ነኝ። ሌባ ሰፈሩን ሲያማርረው ጎረምሶቹን ሰብስበን ጥበቃ ያቆምነው እሱ ባለበት ነው። «ሰው የለኝም፣ እጄ እናንተ ናችሁ» አለን። ሌባ ስንይዝ እንደውልለታለን። «ለስላሳ ጋብዛችሁ አምጡት» ይለናል። በስልክ ምቱት አይባላ! ገብቶናል። ኋላማ ቀልድ አደረግነው፤ «ለዚህኛው ስንት ጠርሙስ ይበቃዋል?» እየተባባልን እንስቅ ነበር።

እሑድ አመሻሽ ላይ ታናሽ ወንድሜ ቁልፍ ረስቶ የእናታችንን አጥር ዘለለ። ተረኞቹ አዲሶች ናቸው፣ አላወቁትም። ስሜን እየጠራ ለመናቸው። ስልኬ ዝግ ሲሆንባቸው ለሃምሳ አለቃው ደወሉ።

«የበያጁ ወንድም? ውይ፣ አስደነገጣችሁት! በሉ ለስላሳ ጋብዙትና ቤቱ ይግባ» አላቸው።

ጋበዙት።

ሰኞ ቀበርነው። ሰፈሩ «ሌባ ተገደለ» ይላል። ለቅሶ የመጣው ሰው እንኳ ጥግ ጥጉን ይዞ ቶሎ ይነሳል። እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች። «ያ አለቃህ መጥቶ ልጅሽ ሌባ አይደለም ይበለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ።

ሄድኩ።

«አለቃ፣ እናቴ ዘንድ መጥተው አንዲት ቃል ይናገሩልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ሌባ እንዳልነበረ። እርስዎ ራስዎ ቤቱ ይግባ ብለው የለ?»

«ብያለሁ። ለስላሳ ማለት ለስላሳ ነው፤ ባለሱቁን ጠይቅ!»

አንደኛው ፖሊስ ሳቁን በመዳፉ አፈነ።

«ደግሞ እኔ ጥበቃ ምናምን የሚባል ነገር አላውቅም» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እጄ ናችሁ ብለውን አልነበር?»

ዱላ ያለኝ ያኔ ነው።

እናቴ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ እንደተቀመጠች አውቃለሁ። ብቻዬን ስገባ ምን እላታለሁ? ፊቴን አዙሬ ግቢውን አጋመስኩ። ከኋላዬ በመስኮት ጮኸ፦

«ስማ እንጂ! ዛሬ ማታ ተረኛው ማነው? ገበያው ጋ የምመድበው ሰው አጥቻለሁ!»

የግቢውን በር አልፌ ወጣሁ።