ካሜራውን ያላዩት ልጆች

ልጇ ጢም አውጥቶ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ቢሆንም ለእናቱ ያው ማሙሽ ነው። ማሙሽ ከሥራ በሚያርፍበት ቀን ያገለገለ የገዛውን ካሜራ አንግቶ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ የሚያነሣው የተሰጣ ልብስ፣ የጎረቤት ድመትና አጥር ላይ ያረፈ ጥላ ስለነበር፣ እናት ነገሩን እንደ ጉንፋን ቆጥራ እስኪለቀው ጠበቀች። አልለቀቀውም። ጭራሽ ሰዎች "እስቲ እኔንም" ማለት ጀመሩ። አብራው የምትሠራ ሴት የልጇን ልደት አስነሣችው፤ የሴትዮዋ እህት ደግሞ ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ጉርድ ፎቶ። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከቀለብ ተርፎ አያውቅምና በጎን የምትገባው ገንዘብ ቤቱን ትንሽ አስተነፈሰችው።

እናት ደስ ይላታል እንጂ አታምንም። ደስታ ቤቷ ሲገባ ማን ተከትሎት እንደመጣ በር ከፍታ የምታይ ሴት ናት። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለው ተረት ከአፏ አይጠፋም። ካሜራው ይሰረቃል፤ ካልተሰረቀ ይወድቃል፤ ካልወደቀ ደግሞ አንድ ቀን ሙሽራ ሲያነሣ ባትሪው ያልቅና የሙሽራዋ ወንድሞች ይደበድቡታል። ማሙሽ ይስቃል። እሷ ኢንሹራንስ ቤት መቀጠር ነበረባት፣ አንድም ሰው ሳይፈርም አይወጣም ነበር ይላል።

ዋናው ሥራ የመጣው ከሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ዳይሬክተሯ የእያንዳንዱን ልጅ ፎቶ አንሥቶ፣ አሳትሞ የሚያስረክብ ሰው ይፈልጉ ነበር። ከወላጆች ክፍያውን አስቀድመው ሰብስበዋል። ይህን ካሳመረ የሌሎቹ ቅርንጫፎቻቸው ሥራም የእሱ እንደሚሆን፣ ካበላሸ ግን በሰፈሩ ማንም ልጁን አምኖ እንደማይሰጠው ሳያለባብሱ ነገሩት። ማሙሽ ከፋርማሲው ፈቃድ ወሰደ። ረዳት የሚቀጥርበት አቅም ስላልነበረው፣ የመስኮቱን ብርሃን ወደ ልጆቹ ፊት የሚመልሰውን ትልቅ ነጭ ካርቶን እንድትይዝለት እናቱን ጠየቃት። እሷማ ሳይጠይቃት ፋሻውን፣ ውሃውንና መርፌና ክሩን ቦርሳ ውስጥ ከታ ጨርሳለች።

እዚያ ሲደርሱ ገና ወንበሩን ስታየው ጠላችው። መደገፊያ የሌለው፣ ከፍ ያለ ክብ ወንበር ነው። ማሙሽ የመረጠው እግራቸው ሲንጠለጠል ያምርባቸዋል ብሎ ነው። መንገድ ላይ ሳሉ አደራ ብሏታል፤ "ትወድቃላችሁ፣ ቀስ፣ ተጠንቀቁ" የሚባል ነገር ከአፏ እንዳይወጣ። ቃሏን ጠበቀች። ካሜራው አጠገብ ቆማ ካርቶኑን ይዛ ጭጭ አለች። አንዱ ልጅ ሲወጣ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሲወዛወዝ ዓይኗ ይፈጥጣል፤ ሲወርድ ትተነፍሳለች፤ ከዚያ ቀጣዩ ይመጣል። ማሙሽ አንድ ዓይኑን ካሜራው ላይ ለጥፎ፣ ሐሳቡ ሁሉ ከብርሃኑ ጋር ነበር። ያገለገለው ካሜራ ፎቶ የሚታይበት የኋላ መስታወቱ ተጫጭሮ ስለነበር፣ ፎቶው መጨለም አለመጨለሙን እንጂ ከዚያ በላይ አያሳይም። ሁሉም ተነሥተው ሲያልቁ እናት ካርቶኑን አስቀመጠች። ማንም አልወደቀም። ለዚህም አምላኳን አመሰገነች።

ማታ ማሙሽ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፈተ። አንዱን አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ ከዚያ ዝም ብሎ እየገፋ አለፈ። የልጁ ዝምታ ለእሷ ከጩኸት ይብሳልና እናት ድስቷን እሳት ላይ ትታ መጣች። ካሜራው ከሆነ፣ ያገለገለ ዕቃ አትግዛ ብዬህ ነበር አለችው። ማሙሽ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረላት።

ልጆቹ ጥርት ብለው ወጥተዋል። ልብሳቸው ንጹሕ፣ ፀጉራቸው የተበጠረ። ግን አንድም የሚስቅ የለም። ሁሉም ቅንድባቸውን ሰብስበው፣ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድደው፣ ሐኪም ቤት መርፌ ለመወጋት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን ያያሉ። አንዷ ከንፈሯን ነክሳለች። አንዱ ብቻ ጠርዙን ለቆ በሁለት እጁ ጆሮውን ይዟል።

"እማዬ" አለ ማሙሽ፣ "ማንን ነው የሚያዩት?"

እናት ማንን እንደሚያዩ አወቀች። ያንን ፊት በየቀኑ መስታወት ውስጥ ታየዋለች። ከአፏ ቃል ባይወጣም ፊቷ ሲለፈልፍ ውሏል፤ ልጅ ደግሞ እርግጠኛ ካልሆነ ትልቅ ሰው አይቶ ነው የሚፈራው። አንዱን ፎቶ እንኳ "ይኼ ደህና ነው" ለማለት ፈልጋ አጣች።

ማሙሽ አልጮኸም። የወላጆቹ ክፍያ እንዲመለስ ለዳይሬክተሯ እንደሚነግራቸው፣ ከእንግዲህም ድመቱን ማንሣት እንደሚበቃው ተናገረ። ሳህኑን ሳይነካው ተኛ። እሷም ድስቱን ሳታጥበው ተኛች፤ ይህ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሆኖ አያውቅም።

ሲነጋ ልጇ ፋርማሲ እንደገባ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ በስልኳ አንሥታ የያዘቻቸውን ፎቶዎች ይዛ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትሰማውን ስድብ ስታዘጋጅ ነበር። ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ተመለከቱ።

"ምን አሳይታችኋቸው ነው?"

"ፊቴን" አለች እናት።

ዳይሬክተሯ ፎቶውን ትተው ፊቷን አዩ። እንደገና ፎቶውን አዩ። ከዚያ አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። እናት ልጇ ምንም እንዳላጠፋ፣ እሱ አትናገሪ ብሏት አለመናገሯን፣ ፊትን ግን ማን ዝም ያሰኘዋል ብላ ስትዘረዝር ሴትዮዋ መሐረቡን ከአፋቸው ማንሣት አልቻሉም። ሳቃቸው ሲበርድ ወደ ሥራው ጉዳይ ተመለሱ። ወላጆች ፎቶው የታለ እያሉ ነው። እሳቸው ነገ ከልጆቹ የረፍት ሰዓት በፊት ያለውን ጊዜ ለማሙሽ ይሰጣሉ፤ ያም ካልተሳካ ሌላ ሰው ይጠራሉ።

"እርስዎም ይምጡ፣ እናቴ። ፊትዎን ግን ይዘው እንዳይመጡ።"

ማሙሽ ሲሰማ መጀመሪያ አፈረ፤ በስተርጅና ለእኔ ልታማልጂ ትዞሪያለሽ ብሎ ትንሽ አጉረመረመ። ቀጥሎ እንዴት እንደሚቆሙ ማሰብ ጀመረ። ካርቶኑን የሚይዝ ሰው የግድ ነው፤ ከፋርማሲ ደግሞ ከእሱ ሌላ ማንም ፈቃድ አያገኝም። በመጨረሻ እናት ካርቶኑን ልጅ እንደሚያዝል ሰው በጀርባዋ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንድትቆም ተስማሙ።

በዚያ መዋዕለ ሕፃናት ግን ያጠፋ ልጅ ነው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚቆመው። ይህን ማሙሽም እናቱም አያውቁም ነበር። መጀመሪያ የገባው ጥርሰ ፍንጭት ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

"እሷ ምን አጥፍታ ነው?"

"ፎቶ አበላሽታ" አለ ማሙሽ።

"መቼ ነው የምትዞረው?"

"እናንተ ስትጨርሱ።"

ልጁ ወንበሩ ላይ እስኪወጣ አልቻለም፤ መሬት ተቀምጦ ሳቀ። ወሬው ወረፋ ለያዙት ደረሰ። አንዷ እናትን "ሁለተኛ አይለምደኝም በይ" አለቻት። እናት ለግድግዳው "ሁለተኛ አይለምደኝም" አለች፤ ከኋላዋ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ካሜራውም ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

ለእሷ ግን ሳቅ አልነበረም። የምታየው የተላጠ ቀለምና አንድ የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ነው። ማየት ሲከለከል ጆሮዋ ሰፋ። ወንበሩ ሲንቋቋ ትሰማለች፤ የልጆቹ ሳቅ ራሱ ያወዛውዛቸዋል፤ በሳቅ የሚወድቅ ደግሞ እጁን አይዘረጋም። ከሚስማሩ ቀዳዳ ዓይኗን ሳትነቅል እየጸለየች ሳለ፣ ከኋላዋ ድው አለ።

ከዚያ ጸጥ።

አንገቷ ራሱን ሊያዞር ተነሣ። የሚያለቅስ ልጅ ደህና ነው፣ የማያለቅስ ነው የሚያስፈራው፤ ይህን ሁሉም እናት ያውቃል። ቤቱ ውስጥ የሚያለቅስ የለም። ካርቶኑን በጀርባዋ አጥብቃ ያዘች። ብትዞር ሁሉም የሚያየው ያንኑ ፊት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከትናንት ወዲያው የከፋውን።

"እማዬ" አለ ማሙሽ ቀስ ብሎ፣ "ወንበሩ ነው። ልጁ ቆሟል።"

አላመነችውም። ሊያረጋጋት ሲል የሚዋሽ ልጅ እንደሆነ ታውቃለች። ግን አልዞረችም። ጥርሷን ነክሳ፣ ግንባሯን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቆመች። ጥቂት ቆይቶ አንድ ልጅ "እኔ አይደለሁም የጣልኩት፣ ራሱ ነው" ብሎ ሲከራከር ሰማች፤ ሌሎቹም ሳቁ፤ ካሜራው ቀጠለ።

ፎቶዎቹ ደረሱ፤ ወላጆች ተቀበሉ፤ ዳይሬክተሯም የቅርንጫፎቹን ሥራ ለማሙሽ ሰጡት። ፎቶውን ልትወስድ የመጣች አንዲት እናት የልጇን ልደት እንዲያነሣላት ቀጠረችው። ማሙሽ ማታ ላይ ካሜራውን እየወለወለ ለእናቱ ነገራት። ልደቱ የሚከበረው ግቢ ውስጥ፣ ሣር ላይ እንደሆነ፣ ካርቶን ያዥም እንደሚያስፈልገው።

እናት ዝናቡን አሰበች። ቀጥላ ግቢው ውስጥ የውሃ ገንዳ ይኖር ይሆን ብላ አሰበች።

"ግድግዳ የለውም?" አለችው።

"ዛፍ አለ።"

የዛፉ ግንድ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ጠየቀችው።